ማርን በቤት ውስጥ በሚገባ ስለማስቀመጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ማር አቀማመጥ መነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገሩ የጓዳ እንጂ የሙያ ጉዳይ አይደለም የሚል አድማጭም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ማር በዕቃ ውስጥ ተቀምጦ የሚደርስበት ለውጥ ሁሉ ከሦስት ነገሮች የሚመነጭ ነው፤ እነርሱም ሙቀት፣ እርጥበትና ዕቃው የተሠራበት ቁስ ናቸው። የሲሚንቶ መጋዘን ያስተዳደረ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ የነደፈ ወይም የቧንቧ ዝገት ያስቸገረው ባለሙያ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን በሚገባ ያውቃቸዋል። የሚያሳዝነው ይህ ዕውቀት በቢሮ ቀርቶ ወደ ጓዳ ሳይገባ መኖሩ ነው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ ይዛ የምትገኝ አገር ናት። ከሚመረተውም ማር የሚበዛው ለጠጅ ይውላል። ከተማ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ግን ማርን የሚፈልገው ለጠጅ ብቻ አይደለም፤ ለቁርስ፣ ለሳል፣ ለወላድ፣ ለእንግዳ ክብር ጭምር ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይ አበባውና መጩ ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ፣ አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ የዓመቱን ማር በዚያን ጊዜ በጀሪካን ገዝቶ ያስገባል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እስከ አፉ ቢሞላ 28 ኪሎ ግራም ያህል ማር ይይዛል፤ የማር ክብደት ከውኃ በአንድ ጊዜ ተኩል ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ነውና። (በሊትር ተስማምቶ በኪሎ የሚከፍል ወይም በኪሎ ተስማምቶ በሊትር የሚሰፍር ሰው ሲከራከር የሚውለው ይህን ባለማወቁ ነው።) ለዚህ ጀሪካን የሚወጣው ገንዘብ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ያው ጀሪካን በሐምሌ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ አረፋ ደፍቆ፣ ሽታው ኮምጥጦ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ንብ አርቢው ነው፤ «ውኃ ጨምሮበት ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ውኃውን የጨመረው ገዢው ራሱ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ማር አይበላሽም የሚባለው አነጋገር እውነት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። በማር ውስጥ ካለው ክብደት ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ከዚህም የሚበዙት ፍሩክቶስና ግሉኮስ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። ይህን ያህል ስኳር ባለበት ውኃው በስኳሩ ስለሚያዝ ረቂቅ ሕዋሳት የሚጠቀሙበት ነፃ ውኃ አያገኙም። ማር አሲድነት አለው፤ በተጨማሪም ንቦቹ የጨመሩበት ኤንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እያመነጨ ይከላከልለታል። ነገር ግን ስኳር የማይበግራቸው የእርሾ ዓይነቶች አሉ፤ እነርሱም በማንኛውም ተፈጥሯዊ ማር ውስጥ ከአበባውና ከቀፎው ገብተው ተኝተው ይቆያሉ። የሚጠብቁት ውኃ ብቻ ነው።

ምን ያህል ውኃ? ሎክሄድ የተባለው የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ዛሬም ይሠራበታል። የውኃው መጠን ከ17.1 በመቶ በታች የሆነ ማር የእርሾው ብዛት ምንም ያህል ቢሆን አይብላላም። ከ17.1 እስከ 18 በመቶ ከሆነ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው እርሾ ከ1000 እስካልበለጠ ድረስ ይቆያል። ከ18.1 እስከ 19 በመቶ ሲሆን የሚፈቀደው እርሾ ወደ 10 ይወርዳል፤ ከ19.1 እስከ 20 ሲደርስ ወደ 1። ከ20 በላይ የሆነ ማር ምንጊዜም አደጋ ላይ ነው። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣውና በ2001 ባሻሻለው የማር ደረጃ፣ ከአንድ የአውሮፓ ቁጥቋጦ ከሚገኝ ማር በስተቀር፣ የውኃው መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከእነዚህ አኃዞች የሚታየው ቁም ነገር በደኅነኛው ማርና በሚበላሸው መካከል ያለው ርቀት ሁለት ወይም ሦስት በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። ምላስ ይህን ልዩነት አይለየውም። ትክክለኛው መለኪያ ሪፍራክቶሜትር ነው፤ እርሱ የሌለው፣ ነገር ግን የአንድ ሊትር ልክ ያለው የላቦራቶሪ ዕቃና ጥሩ ሚዛን ማግኘት የሚችል ሰው፣ በጠራና አረፋ በሌለው ማር ላይ በክብደት ሊገምት ይችላል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 18 በመቶ ውኃ ያለው ማር በሊትር 1.417 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ውኃው በአንድ በመቶ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ በ7 ግራም ያህል ይቀንሳል።

ማር ውኃን ከአየር ይጠጣል። አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ክፍቱን የተቀመጠ ማር የሚረጋጋው 18 በመቶ ገደማ ውኃ ይዞ ነው። አየሩ 70 በመቶ ሲሆን ማሩ ወደ 24 በመቶ ይሄዳል፤ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 33 በመቶ። በተገላቢጦሹም በደረቅ አየር ማር ውኃውን ይለቃል። የአዲስ አበባ አየር በበጋ ደረቅ ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ አብዛኛውን ቀን ከ70 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ይውላል። እንግዲህ በጥር አፉ ተከፍቶ ምንም ያልሆነ ዕቃ በክረምት ያንኑ ያህል ቢከፈት ለምን እንደሚበላሽ ግልጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስጋት በቁጥር መፈተሽ ይገባዋል። በጀሪካኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ቀንና ሌሊት አየር እየሳበና እያስወጣ እርጥበት ያስገባል የሚሉ አሉ። ባዶው ቦታ 5 ሊትር፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነትም 15 ዲግሪ ነው ቢባል፣ በቀን የሚገባው አየር ከሩብ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ግራም ተን አለ ተብሎ ቢታሰብ፣ በዓመት የሚገባው ውኃ በሙሉ አንድ ግራም ቢሆን ነው። የ20 ኪሎ ግራም ማር ውኃ ከ18 ወደ 20 በመቶ ከፍ እንዲል ግን ግማሽ ኪሎ ውኃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ከሆነ ባዶው ቦታ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። የሚገባው ውኃ ከማሩ ሁሉ ጋር አይቀላቀልም። እርጥብ ማር ከደረቁ ስለሚቀል ከላይ ይሰፍፋል፤ ማርም ወፍራም ስለሆነ ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። በጀሪካን ውስጥ ያለው የማር ገጽ የላይኛው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህ ስስ ሽፋን ከ18 ወደ 20 በመቶ እንዲደርስ የሚበቃው ውኃ 25 ግራም ገደማ፣ ማለት የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። ታጥቦ ሳይደርቅ የተሞላ ጀሪካን ከዚህ የበለጠ ውኃ በግድግዳው ላይ ይዞ ይቀራል። አፉ ጠባብ በመሆኑ በጨርቅ ሊወለወል አይችልም፤ ተዘቅዝቆ አንድ ሌሊት ቢያድርም በእጀታው ውስጥ ያለው ውኃ አይወጣም። ብዙ ማር የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጽሕናን በመውደድ ማለት ነው። ጀሪካን ከታጠበ ክፍቱን ሁለት ሦስት ቀን በፀሐይ ሊደርቅ ይገባዋል። ከዚህ የሚቀጥለው ጥፋት እርጥብ ማንኪያና እርጥብ ጭልፋ ነው፤ ሦስተኛውም በሰሐን የተረፈውን፣ ምናልባትም ዳቦ የተነከረበትን ማር ወደ ዋናው ዕቃ መመለስ ነው። የቤቱ ማር ሁሉ በአንድ ትልቅ ዕቃ ሆኖ በየቀኑ ከሚከፈት ይልቅ፣ ዋናው ታሽጎ ተቀምጦ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት የሚበቃው ብቻ ወደ ትንሽ ዕቃ ቢቀዳ እነዚህ ጥፋቶች በትንሹ ዕቃ ላይ ብቻ ይቀራሉ።

ያልተጣራ ማር የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባህላዊ ቀፎ የተቆረጠ ማር ሰፈፉን፣ የአበባ ብናኙን፣ አንዳንዴም እጩን ይዞ ይመጣል። ለጠጅ ከሆነ ችግር የለውም። ለመብል የሚቀመጥ ከሆነ ግን እነዚህ ሁሉ እርሾና የእርሾ ምግብ ናቸው። ስለዚህ እንደ መጣ ወዲያውኑ በንጹሕና በደረቅ ወንፊት ወይም ስስ ጨርቅ ተጣርቶ፣ አንድ ሁለት ቀን ተሸፍኖ ቆይቶ፣ ከላይ የሰፈፈው አረፋና ሰም ተገፍፎ መቀመጥ አለበት።

አሁን ብዙ ሙግት ወደሚነሣበት ነገር፣ ወደ ማር መርጋት ይታለፋል። ማር ሲረጋ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ይባላል፤ ሻጩ ይዘለፋል፤ ማሩ ተመላሽ ይደረጋል። መርጋት ግን የማር ተፈጥሮ ነው። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ውኃው ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ቀስ በቀስ ክሪስታል እየሠራ ይለያል። ግሉኮሱ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ በነጭነቱ የታወቀው የትግራይ ማር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍሩክቶሱ የበዛበት ደግሞ ብዙ ወራት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። መርጋት ከሁሉ የሚፈጥነው በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ባሕር ጠለልን በ2400 ሜትር ያህል በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ጓዳ ለዚህ ሙቀት ቅርብ ነው። ስለሆነም በደጋ አገር ማር ረጋ ብሎ መደነቅ አይገባም። በሌላ በኩል አለመርጋትም የንጽሕና ማስረጃ አይደለም፤ የማሞቅ ውጤት ሊሆን ይችላልና። ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ በውኃ ላይ ማንጠባጠብ፣ በወረቀት ላይ ማፍሰስ የሚባሉት የቤት ፈተናዎች የሚያሳዩት ቢበዛ የማሩን ውፍረት ነው፤ ስኳር መቀላቀሉን አያሳዩም። በእነዚህ ተማምኖ ሰውን ሌባ ማለት ነውር ነው።

መርጋት በራሱ ጉዳት ባይሆንም የተደበቀ መዘዝ አለው፤ ይህም በጥቂት ስሌት ይታያል። 18.5 በመቶ ውኃ ያለው አንድ ኪሎ ግራም ማር ይወሰድ። በውስጡ 185 ግራም ውኃ አለ። ከግሉኮሱ 150 ግራም ያህሉ ቢረጋ፣ ክሪስታሉ ይዞት የሚሄደው ውኃ 15 ግራም ብቻ ነው። የቀረው 835 ግራም ፈሳሽ 170 ግራም ውኃ ይዞ ይገኛል፤ ይኸውም 20.4 በመቶ ነው። እንግዲህ ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ከሎክሄድ ድንበር በታች የነበረው ማር በክሪስታሎቹ መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ድንበሩን አለፈ። ግማሹ ረግቶ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ በሁለት ንብርብር የተለየ ማር ቶሎ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የሚታየውን ፈሳሽ ብቻ ቀድቶ መጠቀምም ከታች የሚቀረውን አይጎዳም፤ ፈሳሹ ግን ሳይውል ሳያድር መበላት አለበት።

የረጋውን ማር ፈሳሽ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ እሳት አይደለም። 28 ኪሎ ግራም ማር ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃው ኃይል 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይህን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ችግሩ ኃይሉን ወደ መካከል ማድረስ ነው። ማር ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ የረጋ ማር ደግሞ እንደ ውኃ በውስጡ አይዘዋወርም። የዕቃው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ወደ መካከል የሚደርስበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ባለ አንድ ኪሎ ብርጭቆ ዕቃ መካከሉ የሚሞቀው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ለጀሪካን ከአሥር ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው ጀሪካኑን ወይም ቆርቆሮውን እሳት ላይ ይጥደዋል፤ ዙሪያው ሲያርር መካከሉ እንደ ጠጠረ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ማሩን በትንንሽ ዕቃ አድርጎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ ማለት ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ማቆየትና ውኃው ሲቀዘቅዝ መለወጥ ነው። ማይክሮዌቭ እዚህም እዚያም እየዘለለ ስለሚያሞቅ አይመከርም።

ከመጠን ያለፈ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ በዲያስቴስ ኤንዛይም ላይ የተደረጉት ጥናቶች ያሳያሉ። የዚህ ኤንዛይም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው በ20 ዲግሪ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ30 ዲግሪ 200 ቀን፣ በ40 ዲግሪ አንድ ወር፣ በ50 ዲግሪ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን፣ በ60 ዲግሪ አንድ ቀን፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያው ልክ ሃይድሮክሲሜቲልፈርፉራል የሚባለው የስኳር መፈራረስ ውጤት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የኮዴክስ ደረጃ የዚህን መጠን በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም ላይ ሲገድበው፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ፈቅዷል። ስለዚህ የቆላው ሰው ችግር ከደጋው የተለየ ነው። በመተማ ወይም በሁመራ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በመጋቢትና በሚያዝያ የሚቀመጥ ማር አይረጋም፤ ነገር ግን እየጠቆረ፣ መዓዛው እየጠፋ ይሄዳል። እዚያ ተፈላጊው ስፍራ ወለል ላይ፣ ከፀሐይ የራቀ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል ነው። በደጋውም ቢሆን ማር ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ብርሃንም ተከላካዩን ኤንዛይም ይጎዳዋልና። ማቀዝቀዣ አስፈላጊ አይደለም። በ4 ዲግሪ እርሾው ባይሠራም ማሩ መርጋቱን አይተውም፤ ዕቃው ወጥቶ በተከፈተ ቁጥርም የአየሩ ተን በላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል።

የዕቃው ነገር ጥቂት ቃል ይበቃዋል። ጉንዶ፣ እንስራና ገንቦ ለዘመናት ማር ይዘዋል፤ ነገር ግን ያልተቀባ ሸክላ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ እርጥበት ያሳልፋል፤ ውስጡ በቀለጠ ሰም ቢቀባ ይሻላል። ቅል ለመንገድ እንጂ ለዓመት አይሆንም። ማር አሲድ በመሆኑ ተራ ብረትን፣ መዳብንና ዚንክን ይበላል፤ ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ውኃ ስለያዘ ማር ይይዛል ማለት አይደለም፤ የሚሟሟው ዚንክ ጤና ይጎዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ብርጭቆ ነው፤ ቀጥሎም የማይዝግ ብረትና ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ። ነጭ ጋዝ፣ ፀረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለማር አይውልም፤ ፕላስቲኩ የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። ማር ሽታ ይስባል፤ ስለሆነም ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከሳሙና ጋር አይቀመጥ።

ስለ ሕፃናት ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በአንዳንድ ቤተሰብ አራስ ልጅን ማር ማቅመስ የተለመደ ነው። በማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር ሊገኝ ይችላል። ይህ ዘር ትልቅን ሰው አይጎዳም፤ አንድ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። በሽታው በሕፃናት ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ነው። የማሩ ጥራትም ሆነ መልካም አቀማመጥ ከዚህ አያድንም። ማፍላትም አያድንም፤ ዘሩ 100 ዲግሪን ይቋቋማል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ማንኛውም ሕፃን ማር አይቅመስ።

መብላላት የጀመረ ማር ቢገኝ ከደኅነኛው ጋር መደባለቅ ሁለቱንም ማጥፋት ነው። ለብቻው ተለይቶ፣ ሽታው ገና ካልከፋ፣ በቶሎ ለጠጅ ቢጣል ኪሳራው ይቀንሳል፤ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጎ መተው አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። በእያንዳንዱም ዕቃ ላይ ማሩ የተቆረጠበት ወር፣ የመጣበት አገርና የዕቃው ተራ ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ ይለጠፍ። በሐምሌ አንዱ ጀሪካን ቢኮመጥጥና ከዚያው ንብ አርቢ የመጣው ሌላው ደኅና ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የንብ አርቢው ሳይሆን የጀሪካኑ መሆኑ በዚያች ቁራጭ ወረቀት ይታወቃል።